ዝቅ የተደረገን መኪና ወደ ፋብሪካ ከፍታው ሲመልሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሞላው ተቆርጦ ዝቅ የተደረገ መኪና ከፒያሳ በቸርቸል ጎዳና ቁልቁል ሲወርድ ለዓይን ሊያምር ይችላል፤ የፍጥነት መቀነሻ ላይ ሆዱ መሬት ሲነካ ግን ባለቤቱ የቀድሞውን ከፍታ መናፈቁ አይቀርም።

አጥብቄ የምቃወመው ስህተት በሞላው ቀለበቶች መካከል የጎማ ቁራጭ ሸጉጦ መኪናውን ከፍ ማድረግ ነው። የተቆረጠ ሞላ ማጠር ብቻ ሳይሆን ይጠነክራል፤ ጎማው የተወሰኑ ቀለበቶችን ከሥራ ሲያግድ ደግሞ ጫናው በቀሩት ላይ ስለሚበረታ ሞላው ለመሰበር ይጋለጣል። መፍትሔው ሞላውን መለወጥ ነው፤ ያውም ግራና ቀኙን በአንድ ጊዜ።

የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ «የኮሮላ ሞላ» ብሎ ብቻ መግዛትም ያሳስታል። ስሙ አንድ ቢሆንም ሞላው እንደ ሞዴሉ ዓመት፣ እንደ ሞተሩ ክብደትና እንደ አካሉ ዓይነት ይለያያል። የተቆረጠው አሮጌ ሞላ ለናሙና ስለማይሆን የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ መሄድ ይገባል። አሞርዛተሩ (የሞላውን ንዝረት የሚያበርደው ክፍል) በአጭር ተተክቶ ከነበረም አብሮ ይለወጥ፤ ተቆርጦ የተጣለ ከሆነ፣ ሞላው ከልክ በላይ ሲታመቅ ግጭቱን የሚያቆመው ትንሽ ጎማም እንዲሁ።

ሞላው በመጭመቂያ በሚገባ ሳይታመቅ የአሞርዛተሩን የላይኛውን ዳዶ መፍታት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ይህን በችኮላ የሚሠራ ሰው ካዩ ያስቁሙት።

ብዙም ትኩረት የማይሰጠው ስህተት የቡሾቹ፣ ማለትም እግሩን ከሻንሲው ጋር በሚያገናኙት ክንዶች መጋጠሚያ ላይ ያሉት የጎማ ቀለበቶች፣ ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ የክንዶቹ ብሎኖች የመጨረሻው ጥብቀት ከተሰጣቸው፣ በብረት ላይ የተጣበቀው የቡሽ ጎማ በዚያው አቀማመጥ ይያዛል፤ መኪናው መሬት ሲወርድም ተጠማዝዞ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ቡሹ ያለ ጊዜው ይቀደዳል፤ ከፍታውም ሊዛባ ስለሚችል ጥፋቱ ያላግባብ በአዲሱ ሞላ ላይ ይሳበባል። ስለዚህ ብሎኖቹን በመጀመሪያ ላላ አድርጎ ብቻ አስይዞ፣ ክብደቱ በ4ቱም እግሮች ላይ ካረፈ በኋላ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ከፍታውን ከመሬት ተነሥቶ መለካትም አያስተማምንም፤ የጎማው መጠንና አየሩ ውጤቱን ይለውጡታልና ሜዳ ላይ አቁሞ ከመንኰራኵሩ መሃል ከበላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ መለካት ይሻላል። ከፍታው ሲለወጥ የእግሮቹ አቅጣጫና ዘንበልታ አብረው ስለሚለወጡ፣ ጥቂት ቀን ተነድቶ ሞላው ከተደላደለ በኋላ አላይመንት ይሠራ። ዝቅ ባለበት ወቅት የተስተካከለ የፊት መብራትም ከፍታው ሲመለስ ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ሊወጋ ስለሚችል፣ በዚያው ዕለት እንደገና ይስተካከል።