የኪስ ሄድፎን አምፕሊፋየሮችን በድምፅ ማወዳደር፦ ከጆሮ በፊት ቴስተር

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሁለት የኪስ አምፕሊፋየሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው «ስማው አቦ!» ስትባሉ፣ ብዙውን ጊዜ የምትመርጡት የተሻለውን ሳይሆን የሚጮኸውን ነው። ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለን ድምፅ «ይጮኻል» ብሎ አይነግራችሁም። «ጠራ»፣ «ቤዙ ሞላ»፣ «ዘፋኙ ቀረበ» ነው የሚላችሁ። የ1 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ልዩነት በቮልቴጅ 12 በመቶ ብቻ ነው፤ ቮልዩሙን በጣት ጫፍ ነካ ማድረግ ይበቃዋል። ስለዚህ ከማዳመጥ በፊት የሁለቱን ቮልቴጅ እኩል ማድረግ ግድ ነው። ይህን ያልሠራ ሰው የሚሰጠው አስተያየት፣ ጆሮው የቱንም ያህል ስል ቢሆን፣ ብዙም አይጠቅምም።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። አንድ የሙዚቃ ምንጭ፣ ከአንድ ወደ ሁለት የሚከፍሉ ሁለት ባለ 3.5 ሚሊሜትር ገመዶች (አንዱ ምንጩን ለሁለቱ አምፕሊፋየሮች ለመክፈል፣ ሌላው ለልኬቱ)፣ ሩብ ዋት የሚችል የ33 ኦም ሬዚስተር (ኦም ጅረትን የመቋቋም መለኪያ ነው፤ ቀለሙ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ጥቁር)፣ አንድ ባዶ ጃክ እና ቴስተር። ቴስተሩ ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። በየሱቁ ያለችው ርካሿ ቢጫ ቴስተር በኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) በኩል ያላት 200 እና 750 ቮልት ብቻ ነው። የግድግዳ ሶኬት ለመለካት ትሆናለች፤ እኛ የምንፈልገውን 0.2 ቮልት ግን አታነብም። ስትገዙ ወይም ስትዋሱ የኤሲ 2 ቮልት መደብ ያለውን፣ ወይም መደቡን ራሱ የሚመርጠውን ፈልጉ።

ምንጩ ስልክ ከሆነ ኢኳላይዘሩንና ድምፅ አሳማሪ የተባለውን ሁሉ አጥፉ። ኤርፕሌን ሞድ ላይም አድርጉት፤ አለበለዚያ ኔትወርክ ሲፈልግ የሚያሰማው ጥር-ጥር-ጥር አምፕሊፋየሩ ውስጥ ይገባና ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ይመስላችኋል። ሁለቱንም በባትሪ ብቻ አሠሩ። ቻርጀር ላይ እያሉ ከገመዱ ጋር የ50 ሄርዝ ጉምታ ሊገባ ይችላል። ራሱ ዲኤሲ (ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ሲግናል የሚቀይር ክፍል) ያለው፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ከምንጩ በገመድ መክፈል አይቻልም፤ የምታወዳድሩትም አምፕሊፋየሩንና ዲኤሲውን አንድ ላይ መሆኑን እወቁ።

አሁን ወደ ልኬቱ። በነፃ ከሚገኙት የቶን ማመንጫ አፖች በአንዱ የ300 ሄርዝ ድምፅ በሙሉ መጠን አጫውቱ። 300 የተመረጠው በምክንያት ነው። ብዙ ቴስተሮች ከ400 ሄርዝ በላይ ልካቸው ይዛባል፤ ወደ 100 ሄርዝ አካባቢ ስትወርዱ ደግሞ የብዙ ሄድፎኖች ኦም እዚያ ላይ ከፍ ስለሚል ንባቡ ያሳስታል። የአምፕሊፋየሩን መውጫ በከፋዩ ገመድ ለሁለት ከፍሉት፤ በአንዱ ሄድፎኑን፣ በሌላው ባዶውን ጃክ ሰኩ። ሄድፎኑ ተሰክቶ እንጂ ሳይሰካ አትለኩ። በጆሯችሁም አታድርጉት፤ ቶን ከሙዚቃ ይልቅ ጆሮ ይጎዳል። የጃኩ ጫፍ ግራ ነው፣ መካከለኛው ቀለበት ቀኝ፣ ከሥር ያለው ሰፊው ብረት ግራውንድ። በቴስተሩ መርፌ ጫፉንና ቀለበቱን አንድ ላይ እንዳትነኩ። ሦስት ጥቁር መስመር ያለው ጃክ የማይክ ስለሆነ ተራው ይለያል፤ ሁለት መስመር ያለውን ተጠቀሙ።

መጀመሪያ አንደኛውን፣ «ሀ» እንበለው፣ በሙዚቃ ምቹ ከፍታ ላይ አድርጉና ቶኑን ለኩ። ለተራ የ32 ኦም ሄድፎን 0.200 ቮልት አካባቢ ጥሩ ነው። ጆሮ ውስጥ ለሚገባ ስሜተ ስስ ኤርፎን 0.050 ይበቃል፤ እንደ ሴንሃይዘር ኤችዲ 650 ያለ 300 ኦም ደግሞ ወደ 1 ቮልት ይጠይቃል። ከዚያ «ለ»ን ወደዚያው ቁጥር አምጡት። 0.200 ላይ 2 ሚሊቮልት ማለት 0.1 ዴሲቤል ነው፤ እዚያ ከደረሳችሁ አበቃ። ቮልዩሙ በደረጃ የሚዘል ከሆነ ያንን መጀመሪያ አስቀምጡና የሚዞረውን በሱ ልክ አስተካክሉ። ሁለቱም የሚዘሉ ከሆኑ እስከ 5 ሚሊቮልት ልዩነት ታገሱ፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ከፍታ ሞክሩ።

ቀኝና ግራውንም ለየብቻ ለኩ። የሚዞር ቮልዩም ሥራ ሲጀምር አካባቢ ቀኝና ግራው ብዙ ጊዜ እኩል አይሄዱም። ግራው 200 ቀኙ 186 ሚሊቮልት ቢያሳይ ከ0.6 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ዘፋኙ ከመሃል ወደ ግራ ሸርተት ይላል። ይሄኔ ጌይኑን (የማጉያውን መጠን የሚመርጠውን ማብሪያ) ዝቅተኛው ላይ አድርጉና ቮልዩሙን ከፍ አድርጋችሁ ተጠቀሙ።

ለማቀያየር ጥሩው ስዊች ባለ 9 እግሩ ነው። የመሃል ሦስቱ እግሮች ወደ ሄድፎን፣ የአንዱ ጎን ሦስቱ ወደ «ሀ»፣ የሌላው ወደ «ለ»፤ ግራውንዱም አብሮ ይቀያየራል። ሞባይል ጥገና ቤት ይዛችሁ ብትሄዱ ይበይዱላችኋል። ባለ 4.4 ሚሊሜትር ባላንስድ መውጫን ግን በዚህ ሳጥን ፈጽሞ አታስገቡ። የግራና የቀኝ ኔጌቲቮቹ የተለያዩ ናቸው፤ አንድ ላይ ከተነካኩ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል። ስዊች ካላገኛችሁ በእጅ ነቅሎ መሰካት ይሆናል፤ ነገር ግን በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ይሁን። የድምፅ ትዝታ ቶሎ ይጠፋል። «ትናንት የሰማሁት ይሻላል» የሚለውን ሰው አትስሙት።

ድሬ ላይ ትልቁ ጠላት ፋኑ ነው። የፋን ጩኸት አምፕሊፋየሩ የሚያሰማውን ሽሽታ (ሽሽ የሚል ድምፅ) ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል፤ ፋኑን ካጠፋችሁት ደግሞ ከሰዓት ላይ ላብ ብቻ ነው የምታዳምጡት። ከሱብሂ በኋላ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ባጃጁ ሳይበዛ፣ ሥሩ። መብራት የጠፋበት ሌሊትም መልካም ነው፤ ጎረቤት ጄኔሬተር እስካላስነሳ ድረስ። ሐረር ዘመድ ያለው ሰው ዕቃውን ይዞ ቢወጣ ይሻለዋል፤ እዚያ ፋን አያስፈልግም።

ሙዚቃው 20 ሰከንድ የሚሆን ቁራጭ ይሁን። ብቻውን የሚመታ ኡድ ወይም ክራር፣ ያለ አጃቢ የሆነ ድምፅ፣ ከዚያ ከበሮ የበዛበት የሰርግ ዘፈን። ከእጅ ወደ እጅ በሜሞሪ ሲዟዟር የኖረ 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 አይሆንም። ከካሴት የተገለበጠም ቢሆን ጣዕሙ ሌላ ነው እንጂ ለሽሽታ መፈተሻ አይረባም፤ ካሴቱ ራሱ ሽሽታ አለው።

አሁን ረዳት ጠርታችሁ ጀርባ ስጡት። የአንድ ብር ሳንቲም ይወርውር፤ አንበሳ ከመጣ «ሀ»፣ ሚዛን ከመጣ «ለ»። ሳይናገር ይቀይር፣ በወረቀት ይመዝግብ። ያው ቢደገምም ስዊቹን ሄዶ-መለስ ያድርገው፤ አለበለዚያ የስዊቿ ቀጭታ መልሱን ትነግራችኋለች። ሄድፎኑን ከጆሮ አታንሱ፣ ኤርፎኑን አትነካኩ፤ ጎማው ትንሽ ከተንሸራተተ ቤዙ ይጠፋል። 10 ዙር ሥሩ፤ በየዙሩ የሰማችሁት «ሀ» ይሁን «ለ» ገምቱ። 9 ማግኘት በዕድል ከመቶ አንድ ጊዜ ገደማ ነው የሚሆነው። 8 ግን፣ ከዚያ በላይ ያለው ተደምሮ፣ ከ18 አንድ ጊዜ ስለሚያጋጥም ለመማል አይበቃም፤ ድገሙት። 5 ወይም 6 ካገኛችሁ ርካሹን ግዙ።

9 ወይም 10 ካገኛችሁ ምክንያቱን ፈልጉ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመውጫው ኦም ነው። ምንም ሳይሰካ ቶኑን ለኩ፣ 0.500 ቮልት ይሁን። ከዚያ ሄድፎኑን ትታችሁ በግራና በግራውንድ መካከል 33 ኦም ሬዚስተሩን አገናኙ። ወደ 0.470 ከወረደ፣ የወረደውን 0.030 በ33 አባዙና ለ0.470 አካፍሉ፦ 2.1 ኦም። ይህ ቁጥር ከሄድፎናችሁ ኦም አንድ ስምንተኛ ባይበልጥ ይመረጣል። በተለይ ባላንስድ አርማቸር (አንድ ዓይነት ትንሽ ድምፅ አውጪ) ያላቸው ኤርፎኖች ኦማቸው ከድምፅ ድምፅ ይለያያል። በአንዱ ሄርዝ 8፣ በሌላው 40 ኦም የሆነ ኤርፎን፣ 10 ኦም መውጫ ላይ ከ5 ዴሲቤል በላይ ቅርፁ ይዛባል። በ1 ኦም መውጫ ግን 0.8 ነው። «ይሄ አምፕሊፋየር ሞቅ ያለ ድምፅ አለው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ሌላ ኤርፎን ሲሰካበት ሙቀቱ ይጠፋል።

ሽሽታን በጣም ስስ በሆነው ኤርፎን፣ ሙዚቃውን አቁማችሁ ፈትሹ። ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖም ከተሰማ የአምፕሊፋየሩ የራሱ ነው። ቮልዩም ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ከሆነ ከምንጩ ወይም ከጌይኑ ነው፤ ጌይኑን ቀንሱና የስልኩን ቮልዩም ከፍ አድርጉ።

የጉልበቱ ፈተና ደግሞ እንዲህ ነው። ሬዚስተሩን እንደተሰካ ትታችሁ ቶኑን አንዴ በሙሉ መጠን፣ አንዴ በ6 ዴሲቤል ዝቅ አድርጋችሁ ለኩ። ሙሉው የዝቅተኛው እጥፍ መሆን አለበት። 1.9 ወይም 1.8 እጥፍ ብቻ ከሆነ አምፕሊፋየሩ ጣሪያው ጋር ደርሷል፤ በሙዚቃ ላይ ይህ ከበሮው ሲመታ ብስጭስጭ እያለ ይሰማል። ከ2.5 ቮልት አትለፉ፤ ሩብ ዋቱ ሬዚስተር ይግላል። በ9 ቮልት ድንጋይ የሚሠሩትን ድንጋዩ አዲስ ሆኖና ወደ 7 ቮልት ወርዶ ሁለት ጊዜ ፈትኑ፤ ጣሪያቸው አብሮ ይወርዳል። በሊትየም የሚሠሩትን ደግሞ በባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ ወይም ፀሐይ ባረፈበት መስኮት ሥር ቻርጅ አታድርጉ፤ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞሉ ባትሪው ያረጃል፣ የድሬ ቀትር ደግሞ ለተዘጋ ብረት ሳጥን እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም።