የቆዩ መቃብሮችን ለመመዝገብ የሚነሣ ሰው

የአያቴን የመቃብር ድንጋይ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በጅማ ዝናብ አረንጓዴ ለብሶ ስላገኘሁት ለሙት ዓመታቸው ላጽዳው ብዬ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግሁት፤ ካረፉበት ዓመተ ምሕረት የመጨረሻው አኃዝ ተፍቆ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያሉትን የቆዩ መቃብሮች በደብተር እመዘግባለሁ። እናንተም በየአጥቢያችሁ ጀምሩ፤ ድንጋዩ አይጠብቅም።

አስቀድማችሁ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ። ለስላሳ ብሩሽ፣ ንጹሕ ውኃና የእንጨት ስንጥር ይበቃል፤ በረኪና አታስጠጉ። የደበዘዘ ጽሑፍ በቀትር አይነበብም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አግድም ስትመጣ የተቀረጸው ሁሉ ጥላ ይዞ ይወጣል። ዛፍ በጋረደው ላይ በመስታወት ከጎን አብሩበት።

ካርታውን ከሕንፃው ጀምሩ። መቅደሱ በምሥራቅ በኩል ነው፤ ሟችም ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ይቀበራል። ጽሑፍ የሌለው ጉብታ በዚሁ አቅጣጫ ተጋድሞ ብታዩ አትለፉት፤ ቁጥር ስጡት። ርቀቱን ከግንቡ ጥግ ወይም ከደጀ ሰላሙ በሜትር ለኩ። ዛፍ መነሻ አይሁን፤ ይቆረጣል።

ቀኑን በግእዝ አኃዝ እንዳለ ገልብጡ፤ ከዚያ ፍቱት። ፲፱፻ 1900 ነው፤ ቀሪውን ደምሩ። ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች በእነርሱ አቆጣጠር ስትጽፉ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይጨመራል።

ስም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድንጋዩ «ወለተ ማርያም» ሲል ጎረቤት በዚያ ስም አያውቃቸውም፤ የክርስትና ስማቸው ነውና። ሁለቱንም ጻፉ። ወንድምና እኅትን የሚያገናኘው የአባት ስም ስለሆነ እርሱን ፈጽሞ አትዝለሉ። የትውልድ አገርና ማዕረግም ይግባ። ጅማ የአባ ጅፋር አገር ናት፤ ባላምባራስና ቀኛዝማች ተብለው ከሩቅ መጥተው እዚህ ያረፉትን የሚነግረን ያ አንድ መስመር ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቶችን ጠይቁ። «በኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ነው የሞተው» ካሏችሁ ቀኑ 15 ነው። ዓመቱን ግን ከዕድር ደብተር ፈልጉ። የአያቴን የጠፋ አኃዝ ያገኘሁት እዚያ ነው፦ ፲፱፻፷፯።