«ፓተንቴን ነክተሃል» ሲሏችሁ የወንበርና የሲት ቤልት ዲዛይን እንዴት ይመረመራል

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ የሚኒባስ ወንበር እሰራለሁ። ደንገጎን ወጥተው ሐረር ለሚመላለሱ መኪኖች ታጣፊ ወንበር ከነቀበቶው ሰርቼ መሸጥ ስጀምር አንድ ሰው «ይሄ ፓተንቴ (የተመዘገበ የፈጠራ መብቴ) ነው» ብሎ ደብዳቤ ላከልኝ፣ ስዕሉን ሳየው ቁርጥ የኔን ይመስላል፣ ደንግጬ 14 ወንበር ፈታትቼ ብረቱን በኪሎ ሸጥኩት። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳነበው ለካ አልነካሁትም።

መጀመሪያ የፓተንቱን ቁጥር ተቀበሉና ጉግል ፓተንትስ ላይ ፈልጉት፣ ነጻ ነው።

የተመዘገበበትን ሀገር እዩ። የአሜሪካ ፓተንት የሚሰራው አሜሪካ ነው። እዚህ መመዝገቡን የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣንን ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 እድሜው 15 አመት ነው፣ እዚህ ስራ ላይ ከዋለ 5 ይጨመርለታል።

አሁን ዋናው፣ እኔን የጣለኝ። ስዕሉን ተዉትና መጨረሻ ላይ በቁጥር የተደረደሩትን ክሌሞች (ባለመብቱ «የኔ ነው» የሚላቸውን ነጥቦች) አንብቡ፣ መብቱ ያለው እዛ ነው። ክሌም 1ን በወረቀት በታትኑት፣ እያንዳንዱን ነገር ለብቻው መስመር ላይ፣ ከዛ ከራሳችሁ ወንበር ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። አንዷ እንኳ ከጎደለች ያንን ክሌም አልነካችሁም ማለት ነው፣ ግን በሌላ ክሌም ላይ ሳይመሰረት ራሱን ችሎ የቆመ ክሌም ካለም እሱንም እንዲሁ አስተያዩ። የኔ ባለደብዳቤ ቀበቶውን የሚጠቀልለው እቃ የወንበሩ መደገፊያ ውስጥ መሆን አለበት ይላል፣ የኔ ወለሉ ላይ ነው የታሰረው። በቃ ይቺ ነች ልዩነቷ! ብሎኑን በብየዳ ቀየርኩ ማለት ግን አያድንም፣ ስራው ያው ነውና፣ እንዲህ አይነቷ ጋ ጠበቃ ያዙ።

ትከሻና ዳሌ የሚይዘው ባለሶስት ነጥብ ቀበቶ ራሱ እንዲህ ነው። ግሪስዎልድና ዴሄቨን በፈረንጆች 1955 አሜሪካ ላይ ፓተንት ነበራቸው፣ የቮልቮው ኒልስ ቦህሊን ግን ሁለቱ ማሰሪያዎች ዳሌ ጎን ዝቅ ብለው እንዲገናኙ አድርጎ በ1962 የራሱን አገኘ። ቮልቮም ለሌሎች አምራቾች ክፍት አደረገው፣ ስንት ነፍስ ተረፈበት!

ወረቀቱ የኢንዱስትሪ ንድፍ ከሆነ ደሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ እዛ የሚታየው መልኩ ስለሆነ ስዕሉን በደንብ አስተያዩ።

ከዛ ከሱ ፓተንት የቆየ ተመሳሳይ ስራ ፈልጉ፣ ለወንበር ቢ60ኤን 2 (B60N 2)፣ ለቀበቶ ቢ60አር 22 (B60R 22) የሚለውን የፓተንት ምድብ ተጠቀሙ። እሱ ካመለከተበት ቀን በፊት ያው ነገር ታትሞ ከተገኘ ፓተንቱን ማሰረዝ ይቻላል።

መልሱን በስልክ አትጨርሱት፣ ያነጻጸራችሁበትን ወረቀት አያይዛችሁ በጽሁፍ ላኩ። እስከዛ አቦ፣ ወንበራችሁን አትፍቱ።