የአፓርታማ ዲዛይን እንዴት ይለመዳል፦ ከሳሎኑ በፊት ደረጃው

ነጠላ ቤት መንደፍ የለመደ ሰው አፓርታማ ሲገጥመው፣ አንድ ያማረ ቤት ሠርቶ ጎን ለጎን መደርደርና ላይ በላይ መደራረብ ብቻ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያ ሥራዬ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳሎንና መኝታ ቤት ሳሳምር ቆይቼ፣ ምድር ቤት፣ ማለትም ከመሬት በታች ባለው ወለል፣ ያለው የመኪና ማቆሚያ ላይ ስደርስ ኮለኖቹ (ሕንፃውን የሚሸከሙት ምሰሶዎች) መኪና በሚመላለስበት መንገድ መሃል ቆመው አገኘኋቸው። ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ የምከተለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1. የምታውቁትን ሕንፃ ለኩ

ሜትር ያዙና የምትኖሩበትን ወይም ደጋግማችሁ የምትገቡበትን ሕንፃ ለኩ፦ የኮሪደሩን ስፋት፣ የእርከኑን ቁመት፣ የሊፍቱን ወለል፣ ከመስኮት እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ያለውን ርቀት። ከዚያ በ1፡100፣ ማለትም 1 ሜትሩን በ1 ሴንቲ ሜትር፣ በእጃችሁ ሣሉት። በ1 ሜትር ኮሪደር ላይ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ ማዞር የግድ ነው። 1 ሜትር ከ50 ሲሆን ግን ዕቃ የተሸከመ ሰውም ሳይነካካ ያልፋል። ይህን በገዛ አካላችሁ ካላያችሁት ልኬቱ ባዶ ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

ሬቪትም አርኪካድም የተባሉት የኮምፒውተር ንድፍ ፕሮግራሞች ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ለጀማሪ ግን ቶሎ አልመክራቸውም። ስክሪን ላይ ሥዕሉን እንዳሻችሁ ስለምታጎሉት፣ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮሪደር አዳራሽ መስሎ ይታያችኋል። ወረቀት ላይ ያው ኮሪደር 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥበቱ ወዲያው ይታወቃል።

2. ደንቡንና ስፋቱን ያዙ

ከወሰን መራቅ ያለበትን ርቀት፣ የተፈቀደውን ከፍታና ለአንድ ቤት የሚጠየቀውን የመኪና ማቆሚያ ብዛት አንድ መስመር ሳትስሉ በፊት ከግንባታ ደንቡ አውጡ። ስለ ስፋቱ ደግሞ፣ 500 ካሬ ሜትር ወለል ባለ 100 ካሬ አምስት ቤት አይወጣውም። ደረጃው፣ ሊፍቱ፣ ኮሪደሩና ግድግዳው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ከ80 እስከ 85 በመቶው ለቤቶቹ ከተረፈ ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ከመነሻው በ400 ካሬ አስቡ።

3. ከታች እስከ ላይ የሚያልፈውን ቀድማችሁ አስቀምጡ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በአፓርታማ ውስጥ አራት ነገሮች ወለሎቹን ሁሉ እየበሱ ያልፋሉ፦ ደረጃ፣ ሊፍት፣ ኮለንና ዳክት የምንለው የቧንቧ መውረጃ። ክፍል ይንቀሳቀሳል፣ በር ይዛወራል፤ እነዚህ ግን አንዴ ከተተከሉ ፎቁን ሁሉ ይዘው ነው የሚነቃነቁት።

በደረጃው እንጀምር። ከወለል ወለል 3 ሜትር ከ06 ሴንቲ ብትይዙ፣ 17 ሴንቲ ቁመት ያላቸው 18 እርከኖች ይወጡታል። ሁለት እጥፍ የእርከን ቁመትና አንድ የመርገጫ ስፋት ተደምረው ከ60 እስከ 64 ሴንቲ ውስጥ ከገቡ ደረጃው ለእግር ይመቻል። 17 ሁለቴ 34፣ መርገጫው 28፣ ድምሩ 62፤ ልክ ነው። ደረጃው መሃል ላይ የሚታጠፍ ከሆነ በእያንዳንዱ በኩል 9 እርከንና 8 መርገጫ ይኖራል። 8 ጊዜ 28 ሴንቲ 2 ሜትር ከ24 ነው። በሁለቱም ጫፍ 1 ሜትር ከ20 ማረፊያ ሲጨመር የደረጃው ክፍል የውስጥ ርዝመት 4 ሜትር ከ64 ይሆናል።

ብዙ ጀማሪ ይህን በላይኛው ወለል ላይ አስልቶ ይዘጋዋል። መሬት ላይ ያለው ወለል ሱቅ ከሆነና ከፍታው 4 ሜትር ከ08 ከሆነስ? እርከኖቹ 24 ይሆናሉ፤ በአንድ በኩል 12 እርከን፣ 11 መርገጫ፣ ማለትም 3 ሜትር ከ08። ከማረፊያዎቹ ጋር 5 ሜትር ከ48። ደረጃው በ84 ሴንቲ አጠረ ማለት ነው፤ ቤቶቹ ዙሪያውን ከተደረደሩ በኋላ ያን 84 ሴንቲ ከየትም አታመጡትም። ስለዚህ የደረጃውን ክፍል ሁልጊዜ በረጅሙ ወለል ልክ ስጡት። ትርፍ እርከኖቹን ወደ መግቢያው አዳራሽ ማውጣት እንደ መፍትሔ ሲነገር ትሰማላችሁ፤ መግቢያውን ስለሚያጣብብ አልወደውም።

ለሊፍቱ 1 ሜትር ከ10 በ1 ሜትር ከ40 የሆነ ካቢን ተሽከርካሪ ወንበርና አንድ ረዳት ይይዛል። ከታች ጉድጓድ፣ ከመጨረሻው ወለል በላይ ደግሞ ትርፍ ከፍታ እንደሚፈልግ አትርሱ።

ኮለኑ እኔን የጣለኝ ነው። የመኝታ ቤቱ ስፋት ደስ ስላለኝ ኮለኖቹን በየ4 ሜትር ከ20 ተከልኳቸው። ስትራክቸር መሐንዲሱ የምድር ቤቱን ፕላን በስስ ወረቀት ገልብጦ የላይኛው ፕላን ላይ አነጠፈውና በእርሳሱ ጫፍ እያንዳንዱን ኮለን ነካ ነካ አደረገ። ምንም አልተናገረም። በሁለት ኮለን መካከል የተረፈው 3 ሜትር ከ80 ነው፤ አንድ መኪና 2 ሜትር ከ50 ይፈልጋል፣ ሁለት መኪና ደግሞ 5 ሜትር። የማቆሚያዬ ግማሽ በዚያች ደቂቃ ሄደ። ጭነቱን በትልቅ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ማሻገር ይቻላል፤ ቢሙ ግን ወፍራምና ውድ ነው፣ የምድር ቤቱንም ከፍታ ይበላል። አሁን የምጀምረው ከመኪናው ነው፦ ሦስት መኪና 7 ሜትር ከ50፣ ኮለኑ 50 ሴንቲ፣ ከመሃል መሃል 8 ሜትር። ከመመላለሻው ጋር 90 ዲግሪ ሠርተው ለሚቆሙ መኪኖች የመመላለሻው ስፋት 6 ሜትር። ከላይ ያሉት ቤቶች ከዚያ ልክ ጋር ይስማማሉ፤ 8 ሜትሩ ለሁለት ሲከፈል ጥሩ ጥሩ ክፍሎች ይወጡታል።

ዳክቱን በሁለት ጎረቤት ቤቶች መታጠቢያ መካከል አድርጉትና መታጠቢያን በመታጠቢያ፣ ኩሽናን በኩሽና ላይ ደራርቡ። የሽንት ቤት ቧንቧ በ2 በመቶ ሲዘቀዝቅ በ3 ሜትር ርቀት 6 ሴንቲ ይወርዳል፤ ያን ዝቅታ የምታገኙት ወለሉን ከፍ በማድረግ ወይም ከታች ባለው ሰው ጣሪያ ሥር ቧንቧውን በማሳለፍ ነው። መቀመጫው ለዳክቱ ከቀረበ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። የዳክቱን በር ወደ ኮሪደር አውጡት፤ ቧንቧ ሲፈነዳ ጠጋኙ በሰው መኝታ ቤት እንዳያልፍ።

ሲያልቅ የወለሎቹን ፕላን ሁሉ በስስ ወረቀት ገልብጡ፣ አስተካክላችሁ ደራርቡና በኮለኖቹና በዳክቶቹ ቦታ መርፌ አሳልፉ። መርፌው በአንዱ ወለል ሳሎን መሃል ከወጣ እርሱን ሳታስተካክሉ ወደፊት አትሂዱ።

4. አሁን ቤቶቹን ክፈሉ

የቀን ብርሃን በደንብ የሚገባው የመስኮቱን የላይኛ ጠርዝ ከፍታ ሁለት እጥፍ ያህል፣ ቢበዛ ሁለት ተኩል ነው። ጠርዙ 2 ሜትር ከ20 ላይ ከሆነ 5 ሜትር ያህል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለመታጠቢያ፣ ለዕቃ ማስቀመጫና ለመተላለፊያ ተዉት።

ኮሪደሩ መሃል ላይ ሆኖ ቤቶች ግራና ቀኝ ከተደረደሩ ማዕዘን ላይ ካሉት በቀር እያንዳንዱ ቤት አንድ ፊት ብቻ ይኖረዋል፤ ነፋስ ከዳር እስከ ዳር አያልፍበትም። አርክቴክቱ ሌ ኮርቡዚየ በ1952 (እ.ኤ.አ.) በተጠናቀቀው የማርሴይ (ፈረንሳይ) ሕንፃው 337 ቤቶችን ሲያስገባ ኮሪደሩን በየሦስት ፎቁ ብቻ አደረገው፤ አብዛኞቹ ቤቶች ባለ ሁለት ደርብ ሆነው ከኮሪደሩ በላይ ወይም በታች ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ይሻገራሉ። የቤቱ ስፋት 3 ሜትር ከ66 ብቻ ነው፤ ግን ከሁለት ወገን ብርሃን አለው። የዚህን ሕንፃ ሴክሽን፣ ማለትም ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ሲታይ ያለውን ሥዕል፣ በእጃችሁ ገልብጡት፤ አንድ ቀን አይፈጅም፣ ብዙ ያስተምራል።

እኔ ቦታው ከፈቀደ በአንድ ደረጃ ዙሪያ ሁለት ቤት ማድረግን እመርጣለሁ። ደረጃና ሊፍት ይበዛል፣ ወጪው ይጨምራል፤ ቤቱ ግን ከሁለት ወገን ይተነፍሳል።

ድምፅንም አስቡ። በጋራው ግድግዳ ላይ መኝታን ከመኝታ፣ ሳሎንን ከሳሎን አጎራብቱ። ጎረቤት ቴሌቪዥኑን የሚሰቅልበት ግድግዳ የልጅ አልጋ ራስጌ ከሆነ፣ ያ ቤተሰብ በየምሽቱ የእናንተን ስህተት ይከፍላል።

5. በሐሳባችሁ ኑሩበት

ከመኪናው ወርዳችሁ፣ በሁለት እጃችሁ ዕቃ ይዛችሁ እስከ አልጋችሁ ሂዱ። ቁም ሣጥን በደረጃው አዙሩ። በሽተኛ በቃሬዛ አውርዱ። በመጨረሻም ጢስ ይነሣ፦ በጣም ከሚርቀው በር ተነስታችሁ ደረጃው ጋ ድረሱ፤ አንዱ መንገድ ቢዘጋ በየት ትወጣላችሁ? ከምድር ቤቱ የሚወጣው ደረጃ ከላይኛው ጋር በቀጥታ ተያይዞ ከሆነ ለዩት፤ መኪና ቢቃጠል ጢሱ የሚወጣው በዚያው ነው።

ይህ ካለፈ ያንኑ ደረጃ፣ ሊፍትና ዳክት ሳትነኩ ወለሉን በሌላ አከፋፈል ሞክሩት፤ አራት የነበረውን ቤት ሦስት አድርጉት። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ስትደርሱ ሬቪትን መክፈት ትችላላችሁ።