የፖሊሲ ማስተርስ ከማመልከታችሁ በፊት ተመራቂዎቹን እዩ

ፐብሊክ ፖሊሲ ለመማር ትምህርት ቤት እየመረጣችሁ ከሆነ፣ የደረጃ ሰንጠረዡን ለጊዜው ተዉትና ሊንክድኢን ላይ የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ክፈቱ። የቀድሞ ተማሪዎችን የሚያሳይ ክፍል አለው። መፈለጊያው ላይ የትምህርቱን ስም ጻፉ፣ ዓመቱንም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አድርጉት። የት እንደሚኖሩ፣ የት እንደሚሠሩ፣ ሥራቸው ምን እንደሆነ ተዘርዝሮ ይመጣላችኋል።

ብሮሸር ላይ የሚወጣው ሚኒስትር የሆነው አንድ ሰው ነው። እዚህ ግን ተራው ተመራቂ የት እንደደረሰ ታያላችሁ። አብዛኞቹ አማካሪ ድርጅት ገብተው እናንተ የምትፈልጉት የጤና ፖሊሲ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን ለእናንተ ላይሆን ይችላል። ከዚያ ከመካከላቸው ለሁለት ሦስቱ አጭር መልእክት ላኩ፦ «ከተማራችሁት ውስጥ አሁን ሥራ ላይ የምትጠቀሙበት የትኛውን ነው? ስታቲስቲክሱ በቂ ነበር?» እንዲህ ጠበብ ያለ ጥያቄ መልስ ያገኛል፤ «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ብትሉ ግን «ጥሩ ነው» ከማለት ውጪ ምን ይሏችኋል?

ብቻ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ሊንክድኢን ላይ ስለሌለ የመንግሥት ሥራ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቢታይ አትደናገጡ። ሐሳባችሁ ፒኤችዲ ከሆነ ደግሞ ይሄን ተዉትና መምህራኑ ምን ላይ እንደሚመራመሩ ተመልከቱ።