ካትሊያ ኮክሲኒያን በደብረ ብርሃን ቤት ውስጥ ሲያሳድጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካትሊያ ኮክሲኒያ፣ ቀድሞ ሶፍሮኒቲስ ትባል የነበረችው፣ በደቡብ ምሥራቅ ብራዚል ጭጋጋማ ተራሮች በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ የምትኖር ትንሽዬ ኦርኪድ ናት። ቁመቷ ከጣት ርዝመት እምብዛም ባይበልጥም ደም የመሰለው አበባዋ ከቅጠሏ ሊሰፋ ይችላል።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት፣ ብርድ ትወዳለች ሲባል ሰምቶ ለደብረ ብርሃን የተፈጠረች ናት ብሎ መደምደም ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ከተማችን ቀኗ በእርግጥ ይስማማታል፤ ይሁን እንጂ ተክሏ የምትሻው 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሆነ ሌሊት እንጂ ከጥቅምት ጀምሮ ማሳውን የሚያነጣውን ውርጭ አይደለም። ከብርዱም ይልቅ ድርቀቱ ይብሳል፤ የትውልድ ቦታዋ ቅዝቃዜ ከጉም ጋር ሲመጣ የእኛው የበጋ ቅዝቃዜ የሚመጣው ከጠራ ሰማይ ጋር ነውና። ስለዚህ ማታ ከመስኮቱ መስተዋት ማራቅ፣ ቀን ደግሞ ጠጠርና ውኃ ከያዘ ሳሕን በላይ፣ ሥሯ ውኃውን ሳይነካ ማስቀመጥ ይበጃል።

ድርቀቱን ለመከላከል ሲሉ በተዘጋ ብልቃጥ ውስጥ ማኖር ሁለተኛው ስህተት ነው፤ አየር የማይንቀሳቀስበት እርጥበት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ያበሰብሳታል።

በአፈር መትከልም እንዲሁ ነው፤ ዋልካ ቀርቶ ለስላሳው የአትክልት አፈር እንኳ ሥሯን ያፍነዋል። በእንጨት ቅርፊት ላይ ጥቂት እርጥብ የዛፍ ሽበት (ሞስ) አድርጎ ማሰር ይሻላል፤ ነገር ግን እንዲህ የታሰረች ተክል በበጋ በየቀኑ ውኃ ትፈልጋለች።

ውኃውን በተመለከተ፣ ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውኃ የሥሯን ጫፍ ያቃጥላል። የክረምቱ ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራ ካጠበ በኋላ የሚጠራቀመው ውኃ እጅግ ተስማሚ ነው። መርጨት የሚገባው ጠዋት ነው፤ በማታ የረጠበ ቡቃያ ቀዝቃዛውን ሌሊት ውኃ ተሸክሞ ያድራል። ማዳበሪያም ቢሆን ዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡ ይበቃታል።

ደማቅ ብርሃን ትወዳለች፤ የከፍታችን ቀትር ፀሐይ ግን ያለ ስስ መጋረጃ ቅጠሏን ይጠብሰዋል። ብዙዎች የሚዘነጉት የከሰሉን ጭስ ነው፤ ቡና በሚፈላበት ክፍል ያለች ተክል እንቡጧን ሳትከፍት ልታረግፍ ትችላለች።

በመጨረሻም፣ ለወዳጅ ለማካፈል ቸኩሎ ተክሏን መክፈል አይገባም፤ ከአዲሱ ቡቃያ ግርጌ አዲስ ሥር ብቅ ሳይል የተነካች ተክል ዓመቱን ሙሉ ትቆዝማለች።