የቴሌቪዥኑን የሜዲኬር ቁጥር ከመደወላችሁ በፊት
አሜሪካ ውስጥ 65 ዓመት ያለፋቸው ወላጆች ካሏችሁ ይቺን ንገሯቸው። ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት የጤና መድን የምዝገባ ወቅት፣ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7፣ ቴሌቪዥኑ በታዋቂ ሰዎች ይሞላል። የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ የነበረው ጆ ናማት ሳይቀር «አሁኑኑ ደውሉ» ሲል ከርሟል። ጥርስ፣ መነጽር፣ ተመላሽ ገንዘብ! እሱ የሚከፈለው ለማስታወቂያው ነው። ስልኩን የሚያነሳው ግን መንግሥት ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ኮሚሽን የሚያገኝ ደላላ ነው። ጥቅሙም በሚኖሩበት አካባቢ (በዚፕ ኮድ) ይለያያል።

እማዬ የለመደቻቸው ሐኪምና የምትወስደው መድኃኒት ደላላው በሚሸጠው የግል ኢንሹራንስ ፕላን ይሸፈናሉ ወይ? መጀመሪያ ይሄ ይጣራ። የሜዲኬር የራሱ ስልክ 1-800-633-4227 ነው፤ አስተርጓሚ በነፃ አለ። ሺፕ የሚባለው የየስቴቱ የምክር አገልግሎትም ነፃ ነው፤ የሚሸጠው ነገር የለውም። ተቻኩለው የግል ፕላን ገብተው ከሆነ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 አንዴ መቀየር ይችላሉ።